እቀበላለሁ ያልኩት ለሙከራ ነበር

ሰው በሃያ ሦስት ዓመቱ ብዙ ነገር ይሆናል። አንዱ ሙሽራ ይሆናል፣ አንዱ ሥራ ፈት ይሆናል፣ የቀናው ሁለቱንም በአንድ ዓመት ይሆናል። እኔ ግን አንድ እሑድ፣ ከቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ፒያሳ አንድ ፓስቲ ቤት በር ላይ፣ ጎርሼ ሳልውጥ የእድር ዳኛ ሆንኩ።

የእድር ዳኛ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሽበት አለው፣ ጋቢ አለው፣ ሲያስል ሰው ሁሉ ዝም ይላል። እኔ ሳስል "ዝንጅብል ጠጪ" ነው የምባለው። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ተቀዶ ነው የገዛሁት፣ ይህንን ለእማዬ ማስረዳት ከጀመርኩ ደግሞ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እንዲህ ያለችውን ማን መረጣት? ማንም። የመረጠችኝ አንዲት ቁልፍ ናት። የበር ቁልፍ አይደለችም፣ የሸሚዝም አይደለችም፤ ስልክ ላይ በጣት የምትነካዋን ነው የምላችሁ።

ከሥሩ ልጀምር። እኛ የእሪ በከንቱ ሰዎች ነን። ነበርን ልበል። ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቱ እንደተደፋ ምስር ተበተነ፤ ገሚሱ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ገሚሱ ዘመድ ጋ ተጠጋ፣ እኔና እማዬም አፍንጮ በር ሁለት ክፍል ተከራየን። ቤቱ ፈረሰ እንጂ እድሩ አልፈረሰም። ሰው ቤት ባይኖረው እንደምንም ይኖራል፤ እድር ከሌለው ግን እንዴት አድርጎ ይሞታል?

ችግሩ ስብሰባ ነው። ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ሦስት ታክሲ የሚይዝ ሰው ሲደርስ "የተነሳ ሐሳብ ካለ" የሚባልበት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የዘንድሮው የዳኛ ምርጫ በስልክ ይሁን ተባለ። በስልክ ሲባል ደግሞ እማዬ እጇን አወጣች። "የኔ ልጅ ኮምፒውተር ትሠራለች" አለች።

የእማዬ ልጅ ኮምፒውተር አትሠራም። የእማዬ ልጅ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው መታወቂያ ፊትና ጀርባ ታነሳለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ወረቀት ሲያልቅና ደንበኛ ሲጠፋ ግን ከስልኬ ላይ ገጽ መሥራት ለምጃለሁ። ለእናት ይሄ ይበቃታል።

ለማታውቁት ላስረዳ። ገጽ ላይ ያለ ቁልፍ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። ወይ ደማቅ ነው፣ ሲነኩት ይሰማል። ወይ ፈዛዛ ግራጫ ነው፤ ብትጫኑት፣ ብትለምኑት፣ ብትሰድቡት አይሰማም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ከገጹ ጀርባ የሚጻፍ ስክሪፕት የሚሉት ትእዛዝ ነው። አንድ መስመር ናት። "ፍዘዝ" ከሚለው ፊት "እውነት" ብላችሁ ከጻፋችሁ ቁልፉ ይፈዝዛል፤ "ውሸት" ብላችሁ ከጻፋችሁ ነፍስ ይዘራል። መጀመሪያ የተማርኩ ቀን ክው አልኩ። ለመግደል እውነት፣ ለማዳን ውሸት! ይሄንን የፈለሰፈው ፈረንጅ ሳይሆን የእኛ ሰፈር ሽማግሌ መሆን አለበት አልኩ። ቀልዴን ነበር።

ሥራው ቀላል ነው። ለተጠቆመው ሰው ቅዳሜ አንድ ገጽ ይላካል፤ ገጹ ላይ "እቀበላለሁ" እና "አልቀበልም" የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። በማግስቱ እሑድ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ገጹ ራሱ የተቀበለውን ሰው ዳኛ ብሎ በቴሌግራም ለአባላቱ ሁሉ ያሳውቃል። መጀመሪያ እማዬን አስሞከርኳት። እማዬ ቁልፍ የምትነካው የቆርቆሮ በር እንደምታንኳኳ ነው። ቆጥሬዋለሁ፣ አርባ አንድ ጊዜ ተቀበለች።

"በቃ እማ፣ ሰማሽ እኮ!"

"ምኑን አውቃለሁ፣ አቤት አላለኝ።"

ስለዚህ አንዱ ቁልፍ አንዴ ከተነካ ሁለቱም ለዘላለም እንዲፈዝዙ አደረግኩ። አንዴ የተናገረ ተናገረ። ይሄ ደግሞ የራሴም ጠባይ ነው፣ አልደብቃችሁም። ሰው ቤት ሄጄ "ብዪ" ሲሉኝ የምበላ ሰው ነኝ። "በልቻለሁ፣ ኧረ ጠግቤያለሁ፣ እሺ ለቃልሽ ያህል" የሚባለውን ሰልፍ አልወድም። እማዬ በዚህ ምክንያት ጠረጴዛ ሥር ስትቆነጥጠኝ ነው ያደግኩት።

ሁለተኛውን ሙከራ በራሴ ስም አደረግኩ። ስሜን ከነአባቴ ከተጠቆሙት ተርታ አስገባሁ፣ "እቀበላለሁ"ን ነካሁ። ሁለቱም ቁልፎች እንዴት ባለ ውበት ፈዘዙ መሰላችሁ! ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። ፎቶውን አንስቼ ስሜን ሳላጠፋ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የተጠቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሐጂ ኑሩ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ፒያሳ መስገጃና ሽቶ ይሸጣሉ፣ ወሎዬ ናቸው፣ ያስቁኛል። የተጠቆሙት ለወጉ ያህል ነው። እውነተኛው ሰው ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኛ የሆኑ የከተማ አውቶቡስ ጡረተኛ ሹፌር። ጡረታው እጃቸውን እንጂ እግራቸውን አልነካም። ስብሰባ ላይ ሰው ወሬ ሲያበዛ ቀኝ እግራቸው ቀስ ብሎ ወለሉን ይጫናል። ፍሬን ነው። ፍሬን ከተያዘ ማንም አይቀጥልም።

ቅዳሜ ገጹን ላክሁላቸው። ሳይመሽ ሁለቱም መልሰዋል። ጋሽ ዘውዴ፦ አልቀበልም። ሐጂ ኑሩ፦ አልቀበልም። እኔም "እሺ፣ ደክሟቸዋል" አልኩ። ይታያችኋል? ደክሟቸዋል አልኩ!

እሑድ እንግዲህ ፓስቲው። ስልኬ ጮኸ። "እንኳን ደስ አላችሁ! አዲሷ የእድራችን ዳኛ" ይልና ስሜ፣ ከነአባቴ። አንብቤ ቀና ስል ፓስቲ ሻጯ "ምነው፣ ሰው ሞተ?" አለችኝ። "ገና ነው" አልኳት።

ከዚያ ስልኩ ይጠራ ጀመር።

"ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ድንኳኑ በጀርባው በኩል ተቀዷል።"

"አንቺ፣ ትልቁ ድስት እማን ጋ እንዳለ ታውቂያለሽ? ዳኛ ነሽ አይደል፣ እወቂ።"

"የባለቤቴ እንጀራ አባት ከቤተሰብ ይቆጠራሉ አይቆጠሩም?"

"ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆኑም። ለማወቅ ነው።"

ላብ አጠመቀኝ። በቴሌግራም ጻፍኩ፦ "ስህተት ነው፣ እኔ አልችልም።" ወዲያው መልሱ ተግተለተለ። "አያችሁ ትሕትናዋን!" "ኧረ አይሆንም፣ በሞቴ!" እንደገና ጻፍኩ፦ "ከምሬ ነው፣ ገጹ ነው የተሳሳተው።" "በማሽን ታሳብባለች፣ የእናቷ ልጅ!" ለሦስተኛ ጊዜ "በእናታችሁ ተዉኝ" ስል አንድ ሠላሳ የሚሆን ሰው የአበባ ምስል ላከልኝ። እማዬ ደወለች።

"ዝም በይ አንቺ! እምቢ ባልሽ ቁጥር እየጸደቀልሽ ነው።"

"እማ፣ ጋሽ ዘውዴ እኮ እምቢ ብለው ነው!"

"እና?" አለች። "እምቢ ብለው ማን ሄዶ ለመናቸው?"

እማዬ ስልኩን ሳትዘጋ ሌላ ጥሪ ገባ፤ እትዬ አስካለ፣ የጋሽ ዘውዴ ባለቤት።

"አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን ምን አደረግሽብኝ? ከትናንት ጀምሮ ደጅ ደጁን ሲያይ አደረ። እኔም እንደ ወትሮው ሊለምኑት ለሚመጡት ዳቦ ደፍቼ፣ አሥራ ሁለት ብርጭቆ አሰልፌ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ሰው ጎራ አላለም! ዳቦው ደርቆ አሁን ለግድግዳ ይሆናል። እሱ ተኝቷል። ፊቱን አዙሮ ተኝቷል።"

ቤታቸው ከእኛ ብዙ አይርቅም፤ ሮጥኩ። ጋሽ ዘውዴ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

"ጋሽዬ፣ አመመዎት?"

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዳኛ" አሉ ለግድግዳው።

"ጋሽዬ ስህተት ነው እኮ! እርስዎ አልቀበልም ስላሉ…"

ተገለበጡ። "አልኩ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ አልቀበልም ብያለሁ! እንግዳ ቤትሽ መጥቶ 'በልቻለሁ' ቢልሽ ትሪውን ታነሺበታለሽ?"

እውነቱን ለመናገር፣ አነሳለሁ።

"አንዴ ብነካው ሞተ" አሉ። "ልጄ፣ ሁለተኛ ነካሁት። ሦስተኛ ነካሁት። ግራጫ። ኋላ በአውራ ጣቴ ሁሉ ሞከርኩት።"

"ታዲያ መጀመሪያውኑ 'እቀበላለሁ' የሚለውን ለምን አልነኩም?"

ቁጭ አሉ። እትዬ አስካለም በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የተሳደብኩ ነው የመሰለኝ።

"እቀበላለሁ?" አሉ ጋሽ ዘውዴ። "በገዛ ጣቴ? ማንም ሳይለምነኝ? እኔ የተራብኩ ሰው ነኝ?" ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ሰፈሩ ፈረሰ፣ ቻልኩት። ሰው ሁሉ የትና የት ሄደ፣ ቻልኩት። አሁንም የሚፈልገኝ አለ ወይ ብዬ ነበር። ገጽሽ ነገረኝ።"

እናንተ፣ እኔ ቶሎ የሚከፋኝ ሰው አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ግራጫ ሆነ።

ቁልቁል ወደ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ወረድኩ። ነገሩን ስነግራቸው መስገጃ የሚጠቀልል እጃቸው ቆመ።

"ወላሂ እኔም እየጠበቅኩ ነበር!" አሉ። "እኔን ይለምኑኛል፣ እኔ 'ዘውዴ እያለ' እላለሁ፣ ወደ ዘውዴ እንሄዳለን። መንገዱ ይሄ ነው። አንቺ መንገዱን ቆርጠሽ ጣልሽው?"

"ማን ነገረኝ ሐጂ?"

"ይሄ ይነገራል?"

ባንኮኒያቸው ላይ የሱቁን ላፕቶፕ ከፍቼ ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ጻፍኩ። አሁን "እቀበላለሁ" ገና ሲከፈት ፈዛዛ ነው፤ ይሉኝታ ያለው ሰው እንዳይነካው። "አልቀበልም" ደግሞ አንዴ ሲነካ አይሞትም፤ ልመና ያወጣል። ስንት ልመና እንደሚበቃ ግን ተከራከርን።

"ሰባት" አሉ ሐጂ።

"ሐጂ፣ ሰው ይሰለቻል።"

"ሲለመን የሚሰለች ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እሺ አምስት።"

በሦስት ተስማማን። አንደኛው ላይ "ኧረ አይሆንም!" ይላል። ሁለተኛው ላይ "ምን አስቀየምንዎ?" ሦስተኛው ላይ በትልቁ "በሞቴ!" ይልና ያን ጊዜ "እቀበላለሁ" ከግራጫነቱ ነቅቶ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ሐጂ ኑሩ ራሳቸው አሥር ጊዜ ሞከሩት፤ "በሞቴ" ሲላቸው እንደ ሕፃን ይስቃሉ። የእኔን ስም ከዳኝነቱ ሻርኩ፣ ሱቁን ዘግተን ላፕቶፑን አቅፈን ወጣን።

ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አደረጉ። "አልቀበልም"ን ነኩ። "ኧረ አይሆንም!" ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። እንደገና ነኩ። "ምን አስቀየምንዎ?" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስተኛ ነኩ።

"በሞቴ!"

"እቀበላለሁ" አረንጓዴ ሆኖ በራ። እትዬ አስካለ እልል ሊሉ አፋቸውን አዘጋጁ። ጋሽ ዘውዴ ግን ስክሪኑን አተኩረው አዩት።

"በማን ሞት?" አሉ።

"እ?"

"በሞቴ ይላል። የማን ሞት ነው? ይሄ ዕቃ ሞት አለው? ባትሪው ነው የሚያልቀው።" ላፕቶፑን በቀስታ ገፉት፤ ጋቢያቸውን ስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቁልፉ እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ሲበራ ቀረ፤ የሚሄድ ግን የለም።

ያን ጊዜ የምችለውን ብቸኛ ነገር ልሠራ ከሐጂ ጋር ደጅ ወጥቼ ስልኬን አወጣሁ፤ እውነቱን ለሕዝብ ልናገር። "ጋሽ ዘውዴ አልቀበልም ያሉት መጥታችሁ እንድትለምኗቸው ነው" ብዬ ጽፌ ልልከው ስል ሐጂ ኑሩ እጄን ያዙኝ።

"ምን ነካሽ? ይሄንን ከላክሽ እኮ ሰውዬው አይነሳም! እውነቱን ጽፈሽ ልትገድዪው ነው?"

ደነገጥኩ። ያቺ መስመር ትዝ አለችኝ። እውነት ካልሽው ይፈዝዛል፣ ውሸት ካልሽው ነፍስ ይዘራል። የጻፍኩትን አጠፋሁ። ሐጂ እየነገሩኝ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ይሄ ወጣ፦ "ምርጫው ተሰርዟል። ጋሽ ዘውዴ ፈጽሞ እምቢ ብለዋል። ማንም ሰው ቤታቸው ድርሽ እንዳይል አዝዘዋል።"

አሥር ሰዓት ላይ በሩ አልዘጋ አለ። ድርሽ አትበሉ የተባለ ሕዝብ እንዴት እንደሚመጣ ባያችሁ! ሦስት ታክሲ ይዘው መጡ፣ ኮንትራት ተዳብለው መጡ፤ ድስቱ ሳይቀር መጣ፣ ለካ አንዷ ኮንዶሚኒየሟ በረንዳ ላይ አበባ ተክላበት ነበር። በሩ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አብዛኛው አልተያየም ነበር። "ውይ አለሽ?" "አለሁልሽ!" "ልጅሽ እንዴት ረዘመ!" ሲባባሉ፣ ሲሳሳሙ፣ ሲላቀሱ ለምን እንደመጡ ረሱት። ከውስጥ ጋሽ ዘውዴ ሳሉ። ማንም አልሰማም። ጠንከር አድርገው ሳሉ።

"ውይ፣ ልመናው!" አለች እማዬ።

ገቡ። ጋሽ ዘውዴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢው በሥርዓት ነው፣ ፊታቸው ድንጋይ ነው።

"ዘውዴ፣ እባክህ" አሉ ሐጂ ኑሩ።

"አይሆንም። ደክሞኛል። ለወጣት ልቀቅ።"

ወጣቷ እኔ ነኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ አይተውም ቶሎ ወደሳቸው ተመለሱ።

"ጋሽዬ፣ ማን ይቅበረን?" አለች እማዬ።

"እንዳትሞቱ፣ አለቀ። እኔ አልችልም።"

"በሞቴ!" አሉ አንድ ምርኩዝ የያዙ እናት ከወደ በሩ። እኚህ ሴት ለመምጣት ሁለት ሰዓት ፈጅቶባቸዋል፤ ጫማቸው አቧራ ብቻ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሞት ያለው ሰው "በሞቴ" ሲል እንዲህ ነው ለካ። ወለሉን ተጭኖ የቆየው የጋሽ ዘውዴ እግር ቀስ ብሎ ለቀቀ። ፍሬኑ ተነሳ።

"እንግዲህ… ካስገደዳችሁኝ" አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉ፣ ላፕቶፑን አቀረብኩ፣ አረንጓዴዋን ነኳት። እትዬ አስካለ ከሰዓት ጀምሮ የያዙትን እልልታ ለቀቁት። የደረቀው ዳቦም ተቆረሰ። ጠነከረብን ያለ የለም።

ተረቱ እዚህ ቢያልቅ እኔም ክብሬ እንደተጠበቀ እተኛ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ግን ዳቦ እያኘኩ "ምክትል ያስፈልገኛል" አሉ። "ይቺን ገጽ የምትነዳ። ይቺ ልጅ ትሁን።"

እኔ፣ ያቺ "ብዪ" ሲሏት የምትበላው፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የሰው ዓይን ሲበዛብኝ አንገቴን ደፍቼ፣

"ኧረ እኔ አልችልም" አልኩ።

"እሺ" አሉ ሐጂ ኑሩ። "አልችልም ካለች አልችልም ነው። አንዴ የተናገረ ተናገረ፤ ራሷ ናት ያስተማረችን። ሌላ ሰው እንጠቁም።"

ቤቱም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። እማዬ እንኳ ራሷን ነቀነቀች!

ክው አልኩ። የደነገጥኩት በእነሱ አይደለም፤ በራሴ ነው። ከፋኝ እኮ! ቀን ላይ በእናታችሁ ተዉኝ ያልኩ ልጅ፣ አሁን ቢተዉኝ ጊዜ አኮረፍኩ። እዚያው መሐል ቤት ግራጫ ሆኜ ቆምኩ፤ ቢጫኑኝ የማልሰማ።

ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። የጋሽ ዘውዴ ቀኝ እግር ነው። ሙሉ ፍሬን።

"ምን ያስቸኩላችኋል?" አሉ። "ልጅቷ ገና አንዴ ነው ያለችው። ሁለት ይቀራታል።" ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ዓይናቸው እየሳቀ፣ "በሞቴ" አሉኝ።

"አልችልም ጋሽዬ" አልኩ፤ ድምፄ ግን እየበራ ነበር። ሦስተኛውንማ "አልችልም" ማንም እስኪለምነኝ አልጠበቅኩም፤ ሐጂ ኑሩ ሌላ ሰው ሳይጠቁሙ ቶሎ ብዬ አልኩት።